ሁሉም ነገር ከሁሉም ጋር ሲዛመድ፦ የመጠይቅ መረጃ ችግርና መፍትሄ

የጎደሉ መልሶችን ማጣራትና የተገላቢጦሽ ጥያቄዎችን (መስማማት አሉታዊ መልስ የሚሆንባቸውን) ነጥብ መገልበጥ እዚህ አይነገርም። ያላደረገ ሰው ቀድሞ ያድርግ።

ምልክት፦ የአለቃው አመራር፣ የሠራተኛው እርካታና አፈጻጸም እርስ በርስ 0.8 ይዛመዳሉ (1 ፍጹም ዝምድና ነው)፣ ክሮንባህ አልፋ (የአንድ ክፍል ጥያቄዎች መልስ ምን ያህል እንደሚገጣጠም የሚያሳይ ቁጥር) 0.96 ነው። ተማሪው እየፈነደቀ ይመጣል። እኔ «ወረቀቶቹን አምጣ» እላለሁ።

መንስኤ፦ አንድ ሰው፣ በአንድ መቀመጫ፣ በዚያው ባለ 5 ነጥብ መለኪያ አለቃውንም ራሱንም ለክቷል። ቁጥሩ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የዚያ ቀን ስሜቱ ነው። አንዴ የመጣልኝ ክምር ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው «እስማማለሁ» ላይ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። ለካ መጠይቁን ያደለውም የሰበሰበውም ራሱ ሥራ አስኪያጁ ኖሯል! «አለቃዬ ያዳምጠኛል»ን አለቃው ቆሞ እየጠበቀ ማን ይክዳል? «አለቃዬ ይንቀኛል» የምትል አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ እሷም ላይ «እስማማለሁ» ብለዋል። ተማሪው አልፋ ታወርዳለች ብሎ ሰረዛት። እውነቱን የተናገረችው እሷ ብቻ ነበረች።

መፍትሄ፦ አፈጻጸምን ከሠራተኛው አትጠይቁ፤ ከመዝገብ ወይም ከቅርብ ኃላፊው ውሰዱ። ካልተቻለ የውጤቱን ክፍል (እዚህ ላይ አፈጻጸሙን) ከሁለት ሳምንት በኋላ አስሞሉ። ሁለቱን ወረቀት ለማገናኘት የሠራተኛ መታወቂያ ቁጥር እንዳትጠይቁ፣ ያኔ ሁሉም ይፈራል። የእናቱን ስም የመጀመሪያ ፊደልና የተወለደበትን ቀን ይጻፍ፣ ይበቃል። ወረቀቱ በታሸገ ፖስታ፣ ከእጃችሁ ወደ እጃችሁ። በአለቃ በኩል በፍጹም። በጸሐፊዋም በኩል አይሆንም።

ደግሞ «የሃርማን ፈተና ሠርቻለሁ፣ ከ50 በመቶ በታች ነው» የሚል አንቀጽ ለጥፋችሁ አትምጡ፤ ፈተናው አንድ የጋራ መንስኤ የመልሶቹን ልዩነት ስንት በመቶ እንደሚያብራራ የሚያይ ስሌት ነው። ፈተናው ጉድለቱን በቅጡ አያይም፣ ማረም ደግሞ ጨርሶ አይችልም። ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው የፖድሳኮፍና ባልደረቦቹ የ2003 እ.ኤ.አ. ጽሑፍ ራሱ ፈተናውን ይነቅፋል። ጠቃሾቹ ያነበቡት አይመስለኝም።

ምልክት፦ አልፋ በአንድ ክፍል ብቻ ይወድቃል። መንስኤው ብዙ ጊዜ «አያዳምጠኝም» ዓይነት አሉታ ነው፤ «አያዳምጠኝም» ለሚል «አልስማማም» ማለት የደከመ ሰው ያሳስታል። አሉታውን ትታችሁ «ይንቀኛል» በሚል ቃል ጠይቁ።

መጠይቁ የነጋዴ ከሆነ ደግሞ፣ ሽያጩን ካሳነሰ ብዙ ጊዜ ግብር ፈርቶ ነው፤ በብር ሳይሆን በሳምንት ስንት ካርቶን እንዳስገባ ጠይቁት።

«ባለፈው ዓመት» ለአንዱ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን፣ ለሌላው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። ቀኑን ጻፉ።