ሳልስበሪ ካቴድራልን ሲጎበኙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከለንደን ዋተርሉ ጣቢያ ተነስቶ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በባቡር ተጉዞ የእንግሊዟ ሳልስበሪ ከተማ የሚደርስ እንግዳ ብዙውን ጊዜ ልቡ ያለው ከከተማዋ ወጣ ብሎ በሚገኘው የጥንት የድንጋይ ክበብ፣ በስቶንሄንጅ ላይ ነው፤ ካቴድራሉን የሚያየው በምሳውና በመመለሻ ባቡሩ መካከል በተረፈችው ግማሽ ሰዓት ነው። የአገሬን ልጆች በቡድን እየመራሁ ለዓመታት ስመላለስ የታዘብኳቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚህች ግማሽ ሰዓት ነው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ሰባትና ስምንት ዓመት ለመደመር ጣቱን የሚቆጥር አይጠፋምና።)

ከሁሉም በላይ ትዕግሥቴን የሚፈታተነው “ይህን ሁሉ በ38 ዓመት ጨረሱት” የሚለው ንግግር ነው። የመሠረት ድንጋዩ በ1220 ተጥሎ ዋናው ሕንፃ በ1258 መቀደሱ እውነት ነው። ነገር ግን ሁሉም ፎቶግራፍ የሚያነሳው፣ ጫፉ ከመሬት 123 ሜትር ከፍ የሚለው የማማው ሾጣጣ ያን ጊዜ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ግንበኞች ያቆሙት አጭር ማማ ነበር። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የመጡት ተተኪዎቻቸው ማማውን አስረዝመው ሾጣጣውን ሲደርቡበት፣ ለዚያ ባልታሰበና ጥልቀቱ 1.2 ሜትር ያህል ብቻ በሆነ፣ እርጥብ ጠጠር ላይ ባረፈ መሠረት ላይ ከ6,000 ቶን በላይ ተጨማሪ ሸክም ጫኑበት። ይህን የማያውቅ ሰው ከሕንፃው ታሪክ ዋናውን ሳያይ ይወጣል፤ ታሪኩ የሚነበበው ዓምዶቹ ላይ ነውና። ማማውን ከተሸከሙት አራት ዓምዶች አንዱን ከግርጌው እስከ አናቱ በዓይንዎ ይከተሉት፤ ድንጋዩ እንደ ቀስት ጎበጥ ማለቱን ያለ ምንም መሣሪያ ያያሉ። ስመ ጥሩው አርክቴክት ክሪስቶፈር ሬን በ1668 ሕንፃውን ሲመረምር ጫፉ ወደ ደቡብ ምዕራብ 75 ሴንቲ ሜትር ያህል ማዘንበሉን አግኝቷል፤ ዛሬም ከወለሉ ሥር ያለው የውሃ ከፍታ በዘንግ እየተነከረ ይለካል። እኔ ራሴ አንድ ዓመት ሙሉ ያንኑ የ38 ዓመት ተረት ለእንግዶች ሳወራ ኖሬአለሁ፤ አንድ ቀን አንዲት አዛውንት በጎ ፈቃደኛ አስጎብኚ ሰምተውኝ ኖሮ፣ አንዲት ቃል ሳይናገሩ ክንዴን ይዘው ከዓምዱ ሥር አቆሙኝና ወደ ላይ አመለከቱኝ።

ወደ ማማው መውጣት የሚፈልግ ሰው 332 ደረጃዎች እንዳሉት አስቀድሞ ይወቅ፤ ቦታውንም አስቀድሞ ያስይዝ። ድካሙ ግን ይካሳል፤ ግንበኞቹ የተጠቀሙበት የእንጨት ርብራብ እስካሁን በሾጣጣው ውስጥ እንደቆመ ነው።

“የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ነው” ማለትም ስህተት ነው፤ ሲሠራ ካቶሊክ ነበር፤ ከ16ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነው።

የውስጡን ገጽታ እንዳለ የመካከለኛው ዘመን አድርጎ መውሰድ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። ከምዕራቡ በር እስከ ምሥራቁ ሰማያዊ መስኮት ያለ ከልካይ የሚታየውን ርቀት የጥንቱ ምእመን አላየውም፤ በመካከሉ ግርዶሽ ነበረና። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጄምስ ዋያት የተባለው አርክቴክት “አድሳለሁ” ብሎ ግርዶሹን አነሳ፣ መቃብሮቹን በረድፍ ደረደረ፤ ለብቻው በግቢው ቆሞ የነበረው የደወል ቤትም ያን ጊዜ ፈረሰ። መስኮቱ ራሱ ስለ እምነታቸውና ስለ ሐሳባቸው ለታሰሩ ሰዎች መታሰቢያ በ1980 የተሠራ ነው። ውበቱን አልነቅፍም፤ “ስምንት መቶ ዓመት የኖረ ብርሃን” እያሉ የሚመሰጡትን ሰዎች ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

በ1386 ገደማ እንደተሠራ የሚነገርለትን ሰዓት ፍለጋ የሚዞሩ ብዙዎች በአጠገቡ ያልፋሉ፤ ምክንያቱም የሚፈልጉት ቁጥርና ዘንግ ያለው ክብ ገበታ ነው። ይህ ሰዓት ገበታ የለውም፤ ሥራው ሰዓቱ ሲደርስ ደወል መምታት ብቻ ነበር።

በስምንት ማዕዘኑ የካህናት ጉባኤ አዳራሽ የሚገኘው የ1215ቱ ማግና ካርታ (የንጉሡን ሥልጣን በሕግ የገደበው ሰነድ)፣ ከቀሩት አራት ቅጂዎች እጅግ በደህና የተጠበቀው ነው። ንጉሥ ጆን “ፈረመበት” አይበሉ፤ ንጉሡ ያጸደቀው በማኅተም ነው፤ የዚህኛው ቅጂ ማኅተም ግን ዛሬ የለም። ብራናው በፎቶግራፍ አይነሳም፤ ስልክዎን ኪስዎ ያስገቡና ይልቁንስ ቀና ብለው በግድግዳው ዙሪያ የተቀረጹትን የኦሪት ዘፍጥረትና የኦሪት ዘጸአት ታሪኮች ይመልከቱ። ኖኅንና መርከቡን በራሱ ያገኘ ልጅ ከአባቱ በላይ ጎብኝቷል።

የጥምቀት ገንዳው ጠረጴዛ አይደለም። በ2008 የተሠራው ይህ ገንዳ ውሃው እስከ ጠርዙ ሞልቶ እንደ መስተዋት ስለሚረጋ፣ ከቡድኔ አንዱ ወጣት የተወለወለ ጥቁር ድንጋይ መስሎት ቦርሳውን አኖረበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገና በሩን ሳንገባ አስጠነቅቃለሁ።

ጫማ ማውለቅ አያስፈልግም። አንዲት እናት እንደ አገራቸው ልማድ በደጃፉ ጫማቸውን ፈትተው በዚያ በረዶ በሆነ ድንጋይ ላይ ሲገቡ ባየሁ ጊዜ ከማረም ይልቅ እኔም ለማውለቅ ቃጥቶኝ ነበር።

የመጨረሻው ስህተት ከሠርክ ጸሎት በፊት ወጥቶ መሄድ ነው። ለጉብኝት ይከፈላል፤ ለጸሎት ግን አይከፈልም። ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ በፈረንጁ ሰዓት 5:30 መባሉን ረስተው ጠዋት የመጡም አሉ። ካቴድራሉ በ1991 በእንግሊዝ ካቴድራሎች ዘንድ ቀዳሚ የሆነውን የልጃገረዶች መዘምራን ክፍል አቋቁሟል። ሩብ ሰዓት ቀድመው ከደረሱ ከመዘምራኑ አጠገብ፣ ንጉሥ ሄንሪ 3ኛ በሰጠው የኦክ እንጨት በ13ኛው ክፍለ ዘመን ከተሠሩት ወንበሮች በአንዱ ሊያስቀምጡዎት ይችላሉ።