ፑል የለመደ ዓይን ስኑከር እንዴት ያያል?

እኔ ያደግኩት ፒያሳ ፑል ቤት ውስጥ ነው። ተሸናፊ ሂሳብ ይከፍላል። ስለዚህ ዓይናችን ኳሱ ገባ ወይስ ሳተ የሚለው ላይ ብቻ ነበር። ስኑከር የፑል ዘመድ ነው፤ እሱም በዱላ ኳስ እየመቱ ጠረጴዛው ቀዳዳ ውስጥ ማስገባት ነው። ፖላንድ ቭሮትስዋፍ ላይ የተደረገውን የ2017ቱን የዓለም ጨዋታዎች (ኦሊምፒክ ውስጥ የሌሉ ስፖርቶች ውድድር) የወንዶች ነጠላ ስኑከር ፍጻሜም ያየሁት በዚያው ዓይን ነው። ኪረን ዊልሰን አሊ ካርተርን 3 ለ 1 አሸንፎ ወርቅ ሲወስድ፣ እኔ ገና ቀይ ኳስ እየቆጠርኩ ነበር።

እናንተ መጀመሪያ ሂሳቡን ያዙ። ቀዮቹ 15 ናቸው፤ አንዱ 1 ነጥብ። ቀይ ያስገባ ቀጥሎ ባለቀለም ይመታል፦ ቢጫ 2፣ አረንጓዴ 3፣ ቡናማ 4፣ ሰማያዊ 5፣ ሮዝ 6፣ ጥቁር 7። ባለቀለሙ ወጥቶ ቦታው ይመለሳል፤ ቀዩ በዚያው ይቀራል። ቀዮቹ ሲያልቁ ስድስቱ በተራ ይገባሉ፤ ድምራቸው 27።

ዋናው ነገር ጠረጴዛው ላይ ስንት ነጥብ ቀረ የሚለው ነው። ለያንዳንዱ ቀይ 8 ያዙ (ቀዩ 1፣ ጥቁሩ 7)፣ 27 ደምሩበት። ሦስት ቀይ ከቀረ 51 ማለት ነው። መሪው በ52 ከበለጠ ሌላው ሁሉንም ቢያስገባ እንኳ አይደርስበትም። ታዲያ ለምን እጁን አይሰጥም? ቅጣት ፍለጋ ነው። ወደኋላ የቀረው ተጫዋች ነጩን፣ ማለትም በዱላ የሚመታውን ኳስ፣ ከሌላ ኳስ ጀርባ ይደብቀዋል። ባላጋራው መምታት ያለበትን ኳስ በቀጥታ አያገኘውም። ከሳተ ቢያንስ 4፣ ሲብስ 7 ነጥብ ወደኋላ ለቀረው ይሰጣል። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚጫወት ሰው ፈሪ ይባል ነበር። እኔ ዛሬ ስኑከር የማየው ለዚህ ፈሪ ብዬ ነው።

ስለዚህ የሚገባውን ኳስ ተዉትና ነጩ የት እንደሚቆም እዩ። ጎበዙ የሚለየው እዚያ ላይ ነው።

ደግሞ እንደ ዓለም ጨዋታዎቹ ያለ ውድድር አጭር ነው። ዊልሰን በ2024 ሼፊልድ ላይ ጃክ ጆንስን 18 ለ 14 አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሲሆን ፍጻሜው ሁለት ቀን ፈጅቷል። ያንን እያየ ሰው ቡና ሊያፈላ ይችላል። ቭሮትስዋፍ ላይ ግን ሦስት ፍሬም (አንድ ዙር ጨዋታ ፍሬም ይባላል) ማሸነፍ በቂ ነበር፤ ቡናው ቀድሞ ይፍላ። እኔ አንዴ ስልክ ላነሳ ወጥቼ ስመለስ ፍሬሙ አልቆ ጠበቀኝ።