የድሮ ሲንተሳይዘር ፈርምዌር ቀይራችሁ ዝም ሲል

የድሮ ሲንተሳይዘር ላይ "ይሄ ነገር የለውም" የምንለው ብዙ ጊዜ የጎደለው ከፕሮግራሙ ነው። የ1982ቱን ፕሮፌት-600 እዩ፤ ድምፁ አናሎግ ነው፣ ኢንቬሎፑን (ድምፁ እንዴት እንደሚነሳና እንደሚከስም የሚወስነውን) የሚያሰላው ግን ዜድ80 ፕሮሰሰር ስለሆነ ፍጥነቱን የሚወስነው ሶፍትዌሩ ነው። በዚያ ዘመን ማሽኖች ይሄ ፕሮግራም (ፈርምዌሩ) በአብዛኛው የሚቀመጠው ኢፕሮም በሚባል ቺፕ ላይ ነው። ማሻሻል ማለት እሱን ነቅሎ ሌላ መሰካት ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ስክሪኑ ጨለማ፣ ድምፅ የለም?
ቶሎ አጥፉት። የቺፑ ጫፍ ላይ ያለችው ግማሽ ክብ ቦርዱ ላይ ከተሳለችው ጋር ካልገጠመች ተገልብጦ ተሰክቷል፣ በጣት ሲነካ የሚያቃጥል ከሆነም እርሙን አውጡ። አቅጣጫው ልክ ከሆነ ነቅላችሁ እግሮቹን እዩ። አንዷ ሆዱ ስር ታጥፋ ልትገኝ ትችላለች። እኔን አንድ ሙሉ ማታ የፈጀችኝ እሷ ናት።

ሁሉም ልክ ነው፣ አሁንም ዝም?
ሰው የሚያሳብደው ይሄ ነው። የወጣው ቺፕ 27128 (16 ኪሎባይት)፣ የገባው 27256 (32 ኪሎባይት) ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ባለ 28 እግር ናቸው፣ 27ኛዋ ግን ትለያለች፦ በትንሹ ላይ የመጻፊያ መቆጣጠሪያ ስለሆነች ቦርዱ ብዙ ጊዜ 5 ቮልት ላይ ያስራታል፣ በትልቁ ላይ ደግሞ የአድራሻ መስመር ናት። 5 ቮልት ስታገኝ ቺፑ የሚያስነብበው የላይኛውን ግማሽ ብቻ ነው፤ እናንተ ፋይሉን የጻፋችሁት ታችኛው ላይ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ያንኑ 16 ኪሎባይት ሁለቴ አከታትላችሁ ጻፉ።

ይሠራና ቆይቶ ስታክ ያደርጋል?
ወይ ሶኬቱ ዝጓል፣ ወይ ቺፑ ላይ የነበረው አሮጌ ዳታ በደንብ አልተሰረዘም። ሶኬቱን አጽዱ። ቺፑን በአልትራቫዮሌት መብራት ሥር 20 ደቂቃ ያህል አቆዩትና ከመጻፋችሁ በፊት አንብቡት፤ ባዶ ከሆነ ሁሉም ባይት ኤፍኤፍ ነው። ከጻፋችሁ በኋላ ቺፑ ላይ ያለውን መስኮት ብርሃን በማያሳልፍ ነገር ሸፍኑት።

አዲሱ ፊቸር መጣ፣ ፓቾቹ (ያስቀመጣችኋቸው ድምፆች) ግን ተዘባረቁ?
አዲሱ ፕሮግራም ሜሞሪውን በሌላ መንገድ ይከፋፍለው ይሆናል። ስለዚህ ቺፑን ከመንካታችሁ በፊት ፓቾቹን በሚዲ ወይም በቴፕ አውጥታችሁ አስቀምጡ። ሲንተሳይዘሩ በጠፋ ቁጥር ፓቾቹን የሚረሳ ከሆነ ግን ፈርምዌሩን አትውቀሱ፣ ባለ 3 ቮልት ባትሪውን ለኩት። ብዙዎቹ ላይ በብየዳ የተያያዘ ነው፤ ስትቀይሩ ማቀፊያ ግጠሙለት፣ ለሚቀጥለው ጊዜ ካውያ አያስፈልጋችሁም።