ከልጅ ጋር የመዝናኛ ሩጫ እንዴት ይሮጣል?

ወላጅና ልጅ አብረው ሲሮጡ ፍጥነቱ የልጁ ነው። ይህን ሁሉም ወላጅ በአፉ ይቀበላል። የሚከብደው ግን ልጁ ራሱ ፍጥነቱን አለማወቁ ነው። ስለዚህ የወላጁ ዋና ሥራ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች መቆጣጠር ነው። እነሱ በደንብ ካለፉ የቀረው አይከብድም።

ርቀቱን በልጁ አቅም ይምረጡ። ከ5 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ጥቂት መቶ ሜትር ይበቃዋል። ከ6 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ እየሮጠም እየተራመደም ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይችላል። 5 ኪሎ ሜትር ቀድሞ ለተለማመደ ልጅ ነው። ከመመዝገብዎ በፊት የውድድሩን ደንብ ያንብቡ፦ ዝቅተኛው ዕድሜ ስንት ነው? ልጁ የራሱ የደረት ቁጥር ያስፈልገዋል? የሕፃን ጋሪ ይፈቀዳል? ሩጫው የሰዓት ገደብ አለው? በተለይ የሰዓት ገደቡ ይታይ፤ መንገዱ መከፈት ሲጀምር ከመኪና ጋር መጋፋት ይመጣል።

ለ5 ኪሎ ሜትር የ6 ሳምንት ልምምድ ይበቃል፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በእያንዳንዱ ቀን ከ20 እስከ 30 ደቂቃ። አንድ ደቂቃ ዱብ ዱብ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ ብላችሁ ጀምሩ፤ ቀስ በቀስ ሦስት ደቂቃ ሩጫና አንድ ደቂቃ እርምጃ ላይ ድረሱ። እርምጃው ልጁ ከመድከሙ በፊት መምጣት አለበት። ደክሞት ሲቆም እንዲራመድ ከተፈቀደለት እርምጃ ለእሱ የሽንፈት ምልክት ይሆናል፤ በሰዓቱ ከተራመደ ግን የጨዋታው ደንብ ነው። በልምምድ ሙሉውን ርቀት መሮጥ አያስፈልግም፤ 4 ኪሎ ሜትር ከደረሳችሁ በቂ ነው። ልጁ ተረከዙን ካመመው ልምምዱን ያቁሙ። ከ8 እስከ 14 ዓመት ባሉ ልጆች የተረከዝ አጥንት ማደጊያው ገና ያልጠነከረ በመሆኑ ድግግሞሽ ያለበት ዝላይና ሩጫ ያስቆጣዋል። የሚሻለው በዕረፍት ነው፤ «ቻለው» ማለት ያባብሰዋል።

ጫማ ላይ ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው «ያድግበታል» ብሎ ሰፊ ሲገዛ ነው። ሰፊ ጫማ ውስጥ እግር ወደፊት ይንሸራተታል፤ ጥፍር ይመታል፤ ተረከዝ ውሃ ይቋጥራል። ልጁ ቆሞ ሳለ ከረጅሙ ጣት ፊት የአንድ አውራ ጣት ስፋት ክፍተት ካለ ልኩ ነው። ጫማው ሲታጠፍ መታጠፍ ያለበት ጣቶቹ ከሚጀምሩበት ላይ እንጂ ከመሐል አይደለም። አዲስ ጫማ ለሩጫው ቀን አይቀመጥ፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ይለማመድበት። ካልሲው ከጥጥ ይልቅ ላብ የማይዝ ቢሆን ይመረጣል። ክሩን ሁለቴ ቋጥረው ጫፉን ከክሮቹ ሥር ይወሽቁት።

ከዋዜማው ጀምሮ ያለው ዝግጅት አጭር ነው። የደረት ቁጥሩን ቲሸርቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ እያለ በአራት መርፌ ቁልፍ ያያይዙት፤ ልጁ ለብሶት ሳለ ማድረግ መውጋትን ይጋብዛል። ከቁጥሩ ጀርባ ስልክዎን ይጻፉ። የጊዜ መለኪያ ቺፕ ቁጥሩ ላይ ከተለጠፈ ቁጥሩ አይታጠፍ። ቁርስ ሩጫው ከመጀመሩ ሁለት ሰዓት ቀድሞ፣ ልጁ የለመደው ምግብ ብቻ። መጸዳጃ ቤት ሁለቴ፦ ከቤት ሲወጡና ከሩጫው 30 ደቂቃ በፊት፤ ሰልፉ ረጅም ነው። ብትጠፋፉ የምትገናኙበትን ቦታ በጣትዎ ያሳዩት፤ በቃል ብቻ መንገር አይበቃም። አስም ካለበት በአፍ የሚሳበው መድኃኒት በእርስዎ ኪስ ይሁን።

አሁን ወደ መነሻው። ሙዚቃው፣ ጩኸቱና ሕዝቡ ልጁን ያፈነዳዋል፤ ርቀት ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ባለው ጉልበት ሁሉ ይነሳል። ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ሜትር እንደሮጠ ትንፋሹ ያጥረዋል፤ ጎኑን ይወጋዋል፤ ከዚያ ልቅሶ ይመጣል። ስለዚህ ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከዳር ቁሙ። ግፊያው ካለፈ በኋላ ቢነሱ የሚጎድልባችሁ ነገር የለም።

«ቀስ በል» ማለት አይሠራም፤ ልጁ ቀስ ማለት ስንት እንደሆነ አያውቅም። የሚሠራው በሰውነትዎ መግታት ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች በሕዝቡና በልጁ መካከል ሆነው ከእሱ ግማሽ እርምጃ ቀድመው ይሩጡ። ልጆች ፊታቸው ያለውን መቅደም ይወዳሉና «ዛሬ የምትቀድመኝ ከመጀመሪያው ውሃ ማደያ በኋላ ነው» ብለው ጨዋታ ያድርጉት። ከዚያ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ይቀሩና መምራቱን ለእሱ ይተዉለት። የፍጥነቱ መለኪያ ወሬ ነው፦ ጥያቄ ይጠይቁት፤ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከመለሰ ልኩ ነው፤ ሁለት ቃል ተናግሮ ከተነፈሰ ፈጥኗል። ኪሎ ሜትር የሚቆጥር ሰዓት እዚህ ላይ ጠቀሜታው ትንሽ ነው፤ ወላጁ ዓይኑን ከልጁ ላይ አንስቶ ቁጥር ላይ ይተክላል። የሩጫና የእርምጃውን ተራ በንዝረት የሚያስታውስ ተራ ሰዓት ይበልጣል።

እጁን ይዘው አይጎትቱት። ከ5 ዓመት በታች ያለን ልጅ ድንገት በክንዱ መሳብ ክርኑን ሊያወልቀው ይችላል። ግፊያ ባለበት ቦታ ልጁ ራሱ ጣትዎን ወይም የቲሸርትዎን ጫፍ ይያዝ፤ ሲያደናቅፈው መልቀቅ እንዲችል።

ጎኑን ሲወጋው ወደ ዳር ወጥታችሁ ተራመዱ፤ የሚያመውን ቦታ በእጁ ይጫን፣ ትንሽ ወደፊት ጎንበስ ብሎ ትንፋሹን በረጅሙ ያውጣ። ብዙ ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይለቀዋል። ክር ሲፈታም መጀመሪያ ወደ ዳር፣ ከዚያ ማጎንበስ፤ መንገድ መሐል ያጎነበሰ ልጅ ከኋላ ለሚመጣው አይታይም። ውሃ በየማደያው ሁለት ሦስት ጉንጭ ብቻ። ልጆች ከአዋቂ ያነሰ ያልባቸዋል፤ ስለዚህ ላቡን አይተው ሙቀቱን አይገምቱ። ካዞረው፣ ካቅለሸለሸው፣ ራስ ምታት ከያዘው፣ በሙቀት ውስጥ ከተንቀጠቀጠ ወይም ንግግሩ ከተምታታ ሩጫው እዚያው አበቃ፦ ወደ ጥላ፣ ከዚያ ወደ ሕክምና ድንኳኑ።

መጨረሻው መስመር ሲታይ፣ 200 ሜትር ያህል ሲቀር፣ ይልቀቁት፤ የፈለገውን ይፍጠን። በትከሻ ተሸክሞ መግባት ለፎቶ ያምራል፤ በደከመ እግር ከተደናቀፉ ግን የሚወድቀው ከላይ ያለው ነው። መስመሩን ካለፋችሁ በኋላ አትቁሙ፤ ከኋላ የሚመጣው በፍጥነት ነው። እጁን ይዘው ወደፊት ይራመዱ፤ ቦታው ጠባብ ስለሚሆን ልጆች እዚህ በቀላሉ ይጠፋሉ።

ከዚያ 5 ደቂቃ ያህል እርምጃ፣ ደረቅ ልብስ፣ ውሃና ምግብ። ማታ ጫማና ካልሲው ሲወልቅ ተረከዙንና ጣቶቹን ይመልከቱ፤ የቋጠረ ውሃ ካለ አያፍርጡት፤ በፕላስተር ይሸፍኑት። በማግስቱ ሲራመድ የሚያነክስ ከሆነ እስኪለቀው ድረስ ሩጫ የለም።