ሞሪሸስና ሲሼልስ፦ የሁለት ትንንሽ ደሴት አገሮችን ኢኮኖሚ እንዴት እናወዳድር?

ሲሼልስ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ሲባል ሳትሰሙ አትቀሩም። ሞሪሸስ ደግሞ የአፍሪካ የስኬት ምሳሌ እየተባለች ዘወትር ትጠቀሳለች። ታዲያ የትኛዋ ትሻላለች? ቁጥር አውጥቶ ጎን ለጎን ማስቀመጥ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ማስቀመጥ ግን ቀን ይፈጃል። እኔ ይህን የተማርኩት ሰው ፊት ቆሜ ከተሳሳትኩ በኋላ ነው። ስለዚህ የሄድኩበትን መንገድ እስከ ስህተቱ ላሳያችሁ።

(ዓመቶቹና ወሮቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በእኛ ስል ዓ.ም. እላለሁ።)

1. መጀመሪያ ጥያቄውን ለዩ

"የቱ ይሻላል" ጥያቄ አይደለም፣ ክርክር ነው። "የትኛዋ አገር ድንገተኛ ችግር ትችላለች?" ወይም "የትኛዋ አገር ተራ ሰው የተሻለ ይኖራል?" ብላችሁ ጀምሩ። ወረቀቱ አናት ላይ ጻፉት። የምትሰበስቡት ቁጥር ሁሉ ለዚያ ጥያቄ መልስ መሆን አለበት።

የምታወዳድሯቸው አገሮችም የሚያገናኛቸው ነገር ይኑር። ሞሪሸስና ሲሼልስ ለዚህ ተስማሚ ናቸው። ሁለቱም ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ናቸው። ሁለቱም የፈረንሳይ፣ ቀጥሎም የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ነበሩ። ሞሪሸስ በ1968፣ ሲሼልስ በ1976 ነፃ ወጡ። ሁለቱም ከቱሪስት ይኖራሉ። ልዩነቱ መጠናቸው ላይ ነው፦ ሞሪሸስ 1.26 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ አላት፣ ሲሼልስ ከ100 ሺህ ብዙም አትርቅም።

2. ቁጥሩን ከአንድ ቦታ ውሰዱ

የዓለም ባንክ ዳታ ነፃ ነው፣ ወደ ኤክሴልም ይወርዳል። የአይኤምኤፍም (የዓለም የገንዘብ ድርጅት) እንዲሁ። አንዱን ምረጡና ለሁለቱም አገር እሱኑ ተጠቀሙ። የሞሪሸስን ከአንዱ፣ የሲሼልስን ከሌላው መውሰድ ሁለት ዓይነት ሚዛን ላይ መመዘን ነው። ሁለት አገር ስትመርጡላቸው ወዲያው ሠንጠረዥ የሚያወጡ ድረ ገጾች አሉ። እኔ አልመክርም። ብዙዎቹ ለአንዷ የ2019ን፣ ለሌላዋ የ2023ን ቁጥር አጠገብ ለአጠገብ ያስቀምጣሉ፣ ዓመቱንም አይነግሯችሁም።

አሥር መስመር ይበቃል፦ ጂዲፒ (አገሩ ውስጥ በዓመት የተመረተው ሁሉ ዋጋ)፣ ብሔራዊ ገቢ፣ ሕዝብ፣ የዋጋ ንረት፣ የመንግሥት ዕዳ፣ የውጭ ምንዛሪ ክምችት፣ ኤክስፖርት፣ ኢምፖርት፣ የቱሪስት ቁጥር፣ ሥራ አጥነት። ከዚያ በላይ ስትሰበስቡ የመጀመሪያው ጥያቄ ይጠፋባችኋል።

የበጀት ሰነድ የምታዩ ከሆነ ዓመቱን አስተውሉ። የሲሼልስ በጀት ከጥር እስከ ታኅሣሥ ነው። የሞሪሸስ እንደ እኛው ሐምሌ አካባቢ ይጀምራል።

3. ሩፒው የማን ነው?

እዚህ ላይ ቆም እንበል። እኔ የወደቅኩት እዚህ ነው።

ሁለቱም አገሮች ገንዘባቸውን "ሩፒ" ይሉታል። ግን አንድ አይደለም። በ2023 አንድ ዶላር በሞሪሸስ ሩፒ 45 አካባቢ፣ በሲሼልስ ሩፒ ደግሞ 14 አካባቢ ነበር። የሕንድ ሩፒ ሲጨመር ሦስት ይሆናሉ፣ እሱ 82 አካባቢ ነበር። ለሥራ ባልደረቦቼ ገለጻ ሳዘጋጅ ጂዲፒውን በዶላር አገኘሁ፣ የሲሼልስን ዕዳ ግን በሩፒ ከተጻፈ ሰነድ ወሰድኩ። ስልኬ ላይ "ሩፒ ወደ ዶላር" ብዬ ጻፍኩ። ስልኩ ያሰላልኝ በሕንድ ሩፒ ነው። ዕዳው ከእውነተኛው ስድስት እጥፍ ገደማ አንሶ ወጣ። እኔም "ሲሼልስ ዕዳ የሚባል የላትም ማለት ይቻላል" ብዬ በልበ ሙሉነት ተናገርኩ።

በዕድሜ የሚበልጡኝ የሒሳብ ባለሙያ እጃቸውን አወጡ። "ልጄ፣ ይህች አገር በ2008 ዕዳዋን መክፈል አቅቷት አልነበረም እንዴ? ይሄ ሩፒ የማን ነው?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ቀን ወዲህ ኤክሴሉ ላይ "ሩፒ" ብዬ ጽፌ አላውቅም። ለሞሪሸስ "ኤምዩአር"፣ ለሲሼልስ "ኤስሲአር" እያልኩ በኮዳቸው ነው የምጽፈው። እናንተም እንዲሁ አድርጉ።

ትክክለኛውን ሩፒ ይዛችሁም ሁለተኛ ወጥመድ አለ። የ2008ቱ ታሪክ ራሱ ያሳየዋል። ሲሼልስ በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ የ230 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ወለድ መክፈል አቃታት። ገንዘቡ ለትልቅ አገር ኢምንት ነው። በዚያን ጊዜው ሕዝቧ ሲካፈል ግን በነፍስ ወከፍ 2,600 ዶላር ገደማ ይደርሳል። በአይኤምኤፍ ፕሮግራም ኅዳር 1 ላይ ሩፒዋን ለገበያ ለቀቀች። አንድ ዶላር 8 ሩፒ ገደማ የነበረው ብዙም ሳይቆይ 16 አካባቢ ደረሰ።

አሁን የ2007ንና የ2009ን ጂዲፒ በዶላር ብታወዳድሩ ኢኮኖሚው ከስድስት አንድ እጁን ያጣ ይመስላል። በቋሚ ዋጋ፣ ማለትም የዋጋና የምንዛሪ ለውጥ ወጥቶለት፣ ስታዩት ግን የቀነሰው ጥቂት በመቶ ነው። ዓሣው ይጠመድ ነበር፣ ሆቴሉም ይሠራ ነበር። የወደቀው ሩፒው ነው። ይህን እኛ በደንብ እናውቀዋለን። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ሲለቀቅ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 አለፈ። የዚያን ዓመትና የቀጣዩን ጂዲፒ በዶላር ያወዳደረ ሰው ግማሹ እርሻ የጠፋ ይመስለዋል።

ስለዚህ፦

- እድገትን ለማየት፦ በቋሚ ዋጋ፣ በየአገሩ ገንዘብ።
- መጠንን ለማወዳደር፦ በዶላር፣ ግን የአንድ ዓመት ሳይሆን የሦስት ወይም የአምስት ዓመት አማካይ።
- ኑሮን ለማወዳደር፦ የመግዛት አቅምን ያገናዘበው ዶላር።

በሦስተኛው ስትሄዱ በሲሼልስና በሞሪሸስ መካከል ያለው የነፍስ ወከፍ ልዩነት በግልጽ ይጠባል። ሲሼልስ ውስጥ የሚበላውም የሚለበሰውም አብዛኛው በመርከብ ስለሚገባ ኑሮው ውድ ነው።

4. በስንት ሰው ይካፈል?

ትንሽ አገር ላይ ሕዝብ መቁጠር ቀላል ይመስላል። ስህተቱ የሚጎላው ግን እዚያ ነው። የሲሼልስ ዓመታዊ ምርት 2.1 ቢሊዮን ዶላር ነው እንበል። በ100 ሺህ ስታካፍሉት 21,000 ይመጣል። በ120 ሺህ ስታካፍሉት 17,500። በሁለቱ መካከል ያለው የ20 ሺህ ሰው ልዩነት የአንድ ትልቅ ሠፈር ነዋሪ ያህል ነው። ይኸው 20 ሺህ ሰው ሞሪሸስ ላይ ቢጨመር ውጤቱን ሁለት በመቶ እንኳ አያንቀሳቅስም። ሲሼልስ ውስጥ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሠራተኛ ብዙ ነው፤ እሱ ተቆጥሯል አልተቆጠረም የሚለው መልሱን ይለውጠዋል። ጂዲፒውን ከወሰዳችሁበት ምንጭ ሕዝቡንም ውሰዱ።

5. ገንዘቡ የማን ኪስ ይገባል?

ከምንዛሪው ቀጥሎ ከባዱ ይሄ ነው። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለ? ጂዲፒ አገሩ ውስጥ የተመረተውን ሁሉ ይቆጥራል፣ ባለቤቱ ማን እንደሆነ አይጠይቅም። ብሔራዊ ገቢ ግን ይጠይቃል።

አንድ የቱና ጣሳ እንከተል። በሲሼልስ ዋና ከተማ በቪክቶሪያ ወደብ ላይ ከዓለም ትልልቆቹ አንዱ የሆነ የቱና ማሸጊያ ፋብሪካ አለ። ዓሣውን በአብዛኛው የሚያጠምዱት የስፔንና የፈረንሳይ መርከቦች ናቸው። ከፋብሪካው አብዛኛው ድርሻ የታይላንድ ኩባንያ ነው፣ ቀሪውን የሲሼልስ መንግሥት ይዟል። ከሠራተኞቹም ከውጭ የመጡ አሉ። ጣሳው ወደ አውሮፓ ይሄዳል። ፋብሪካው ውስጥ የተጨመረው ዋጋ በሙሉ በሲሼልስ ጂዲፒ ተመዝግቧል። ለውጭው ባለድርሻ የሚሄደው ትርፍ ከብሔራዊ ገቢው ይቀነሳል። የውጭው ሠራተኛ ለቤተሰቡ የሚልከው ደግሞ፣ ዓመት የቆየ ነዋሪ ከሆነ፣ ከብሔራዊ ገቢውም አይቀነስም። በሐዋላ መስመር ለብቻው ነው የሚታየው። ሦስቱን መስመር ካላያችሁ ጣሳው ለሲሼልስ ሰው ምን እንዳስቀረለት አታውቁም። ትልልቆቹ ሆቴሎችም ላይ ይህንኑ ስሌት ሥሩ።

የኤክስፖርት ቁጥሩንም ፈትሹ። ለመርከብና ለአውሮፕላን የሚቀዳው ነዳጅ፣ ከውጭ ገብቶ መልሶ የሚሸጥ ሆኖ ሳለ፣ የሲሼልስን ኤክስፖርት ያሳብጠዋል። ቀንሱት።

ሞሪሸስ ላይ ችግሩ በተቃራኒው ይመጣል። እዚያ ሌላ አገር የሚሠሩ ብዙ ኩባንያዎች በወረቀት ተመዝግበዋል። በ1982 ከሕንድ ጋር የተፈረመው የታክስ ስምምነት በ2016 እስኪሻሻል ድረስ ሞሪሸስ ለዓመታት ከሕንድ ዋና ዋና የውጭ ኢንቨስተሮች ግንባር ቀደሟ ሆና ትመዘገብ ነበር። ከአንድ ሚሊዮን ትንሽ የሚበልጥ ሕዝብ ያላት ደሴት ሕንድን በገንዘብ ያጥለቀለቀችው ከራሷ ቁጠባ አልነበረም። ገንዘቡ በእሷ በኩል ያልፍ ነበር። ስለዚህ የሞሪሸስ የውጭ ኢንቨስትመንትና የብሔራዊ ገቢ ቁጥር ላይ "እነዚህ ኩባንያዎች ተካትተዋል?" ብላችሁ የግርጌ ማስታወሻውን አንብቡ። አሰልቺ ነው፣ ግን መልሱ እዚያ ነው ያለው።

6. ምን ይሸጣሉ? ሲመታቸውስ?

እዚህ ላይ ከሠንጠረዡ ወጥታችሁ ታሪክ አንብቡ።

ሞሪሸስ ነፃ ስትወጣ ከኤክስፖርቷ ከ90 በመቶ በላይ ስኳር ነበር። በ1970 ለኤክስፖርት ፋብሪካዎች የተለየ ሕግ አወጣች፣ ጨርቃ ጨርቅ ተስፋፋ። በ2005 የዓለም የጨርቃ ጨርቅ ኮታ (በየአገሩ ኤክስፖርት ላይ የነበረው ገደብ) ቀረ። በ2009 አውሮፓ ለስኳሯ የሚሰጠው የተለየ ዋጋ አበቃ። ሁለቱም ምሰሶ በአምስት ዓመት ውስጥ ተነቃነቀ። አልወደቀችም፣ ምክንያቱም ቱሪዝምና ፋይናንስ ቀድመው ቆመው ነበር።

ሲሼልስ አየር ማረፊያዋ በ1971 እስኪከፈት ድረስ ኮፕራና (የደረቀ ኮኮናት) ቀረፋ ትሸጥ ነበር። ከዚያ ቱሪስት መጣ። ዛሬም ቱሪስትና ቱና ናቸው።

ጥገኝነቱን የምለካበት ቀላል ዘዴ ቱሪስቱን በነዋሪው ማካፈል ነው። በ2019 ወደ ሲሼልስ 384 ሺህ ሰው ገባ፦ ለአንድ ነዋሪ አራት እንግዳ ገደማ። ሞሪሸስ 1.38 ሚሊዮን ተቀበለች፦ ለአንድ ነዋሪ አንድ እንግዳ ከትንሽ ነገር ጋር። በኮቪድ ዓመት የሲሼልስ እንግዳ ወደ 115 ሺህ ወረደ። ሩፒዋም ከ14 ገደማ ተነስቶ ዶላሩ ከ20 በላይ ሄደ፣ ኋላ ተመለሰ።

እዚህ ላይ ግን ታሪኩ አሳስቶኛል። ሞሪሸስ ብዙ ዘርፍ ስላላት ኮቪድን ቀለል ብሎ ያለፋት መስሎኝ ነበር። በ2020 ኢኮኖሚዋ ወደ 15 በመቶ ወደቀ። ሲሼልስ መጋቢት 2021 ላይ ድንበሯን ስትከፍት ሞሪሸስ እስከ ጥቅምት 2021 ሙሉ በሙሉ አልከፈተችም። የዘርፍ ብዛት ያለ ድንበር ውሳኔ ብቻውን አይነበብም። ስለዚህ ሁለት ድንገተኛ ክስተት ውሰዱ፣ 2008ንና 2020ን፣ እያንዳንዱ ላይ ወደነበረበት ለመመለስ ስንት ዓመት እንደወሰደ ቁጠሩ።

7. ደረጃውን በመጨረሻ እዩ

"ከፍተኛ ገቢ"፣ "ከፍተኛ መካከለኛ ገቢ" የሚለውን የዓለም ባንክ ምድብ መጀመሪያ ካያችሁት የቀረውን ሁሉ በሱ መነጽር ታያላችሁ። ሞሪሸስ ሐምሌ 2020 ላይ "ከፍተኛ ገቢ" ተባለች። በዚያን ሰዓት ድንበሯ ዝግ፣ ሆቴሎቿ ባዶ ነበሩ። ምድቡ የተሰላው በ2019 ቁጥር ነው። በዓመቱ ወደ ታች ተመለሰች። ሲሼልስ ግን ከ2015 ጀምሮ እዚያው ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ናት።

ጥያቄያችሁ ስለ ተራ ሰው ኑሮ ከሆነ ምድቡን ትታችሁ መንግሥት ለሕዝቡ የሚያደርገውን ጨምሩ። ሞሪሸስ ከ1958 ጀምሮ ሠርቶ የነበረም ያልነበረም አረጋዊ ሁሉ ጡረታ ያገኛል። ይህ በነፍስ ወከፍ ቁጥር ውስጥ አይታይም፣ እድሜ ለገፋች የመንደር እናት ግን ከማናቸውም ቁጥር በላይ ነው።

8. ጻፉት

አንድ ሠንጠረዥ፣ ሁለት ግራፍ፣ አንድ ገጽ ማብራሪያ። ከየቁጥሩ ጎን ዓመቱንና የገንዘቡን ኮድ አስቀምጡ። ግርጌው ላይ ዳታውን ያወረዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ድርጅቶቹ ያለፉትን ዓመታት ቁጥር ደጋግመው ያርማሉ፤ በስድስት ወሩ ሌላ ሰው ከፍቶ የተለየ ቁጥር ቢያገኝ፣ ቀኑን አይቶ የማን እንደተለወጠ ያውቃል።