የልጅ ቀለብ ከባሕር ማዶ፦ "ስንት ልላክ?" ከማለታችሁ በፊት

የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የሚኖረው። ከልጁ እናት ጋር ሲለያዩ ልጃቸው 3 ዓመቱ ነበር። በስልክ ተነጋገሩና በወር 6,000 ብር ተስማሙ። ወረቀት የለ፣ ምስክር የለ። ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ በነበረ ጊዜ ይሄ ከ100 ዶላር በላይ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ዶላር 100 ብርን አለፈ። እሱ 6,000 ብሩን መላኩን ቀጠለ፤ ከኪሱ የሚወጣው ግን 60 ዶላር እንኳ አልሞላም። እሷ ጋ ደግሞ ዘይቱም፣ ኪራዩም፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያም ጨመረ።

"ቃሌን አላጠፍኩም" ይላል እሱ። "ልጅህ በዚህ አይኖርም" ትላለች እሷ። ሁለቱም አልዋሹም።

ለሽምግልና የተጠራሁት ያኔ ነው። አንድ ቅዳሜ ጀሞ እቤቷ ሄድኩ። እሱ በቪዲዮ ገባ፤ ሥራ ሊገባ አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ገና ሳንጀምር ሁለቱም ስለ ገንዘቡ መጨቃጨቅ ያዙ። እስቲ ልጁ በወር ምን ምን እንደሚያስፈልገው ንገሩኝ ስላቸው ዝም አሉ። በዚያን ሁሉ ጊዜ ቁጭ ብሎ የጻፈው ሰው አልነበረም።

የልጁን ያለቀ የሒሳብ ደብተር አመጣችና ከጀርባው በእርሳስ መጻፍ ጀመረች። ትምህርት ቤት 4,500። ሰርቪስ 1,800። ምግብ 5,000። ከቤት ኪራዩ የልጁ ድርሻ 3,000። ልብስና ጫማ፣ የዓመቱ ወጪ ለወር ሲካፈል፣ 1,000። ሕክምና 700። ድምሩ 16,000 ብር መጣ። ስልኩ ላይ ያለው ሰው ጸጥ አለ። ከዚያ "ሰርቪስ እንዳለው አላውቅም ነበር" አለ።

ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚያች ገጽ የወጣ ነው። የእናንተ ቁጥር ሌላ ይሆናል። አዲስ አበባ ያለ ልጅና ደብረ ብርሃን ያለ ልጅ ወጪያቸው አንድ አይደለም። አሠራሩ ግን ያው ነው፤ መጀመሪያ የልጁ ወጪ ይጻፋል፣ ቀጥሎ ማን ምን ያህል ይችላል ይባላል። ብሩ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው።

ሕጉም የሚለው ይሄንኑ ነው። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ቀለብ ማለት ምግብ ብቻ አይደለም። መጠለያ፣ ልብስ፣ ሕክምናና ትምህርትም አለበት። መጠኑ የሚታየው በተቀባዩ ፍላጎትና በሰጪው አቅም ነው። ከደመወዝ ይሄን ያህል በመቶ የሚል ተመን የለም። ይህ አዋጅ የሚሠራው አዲስ አበባና ድሬዳዋ ነው፤ አማራ፣ ኦሮሚያና ትግራይን ጨምሮ ብዙ ክልሎች የራሳቸው የቤተሰብ ሕግ ስላላቸው ልጁ የሚኖርበትን ቦታ ሕግ ጠይቁ። ወላጆቹ ተጋብተው ነበር አልነበረም፣ የልጁ መብት ያው ነው። ሕገ መንግሥቱም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ልጅ እኩል መብት እንዳለው ይናገራል።

አቅም ሲባል ግን ሁለቱም ወገን ይሳሳታል። እዚህ ያለው ሰው ዶላሩን በብር መንዝሮ "ሀብታም ነው" ይላል። እዚያ ያለው ደግሞ ኪራዩን፣ ኢንሹራንሱን፣ የመኪና ክፍያውን ቆጥሮ "ምንም አይተርፈኝም" ይላል። መፍትሔው የደመወዝ ወረቀትንና ዋና ዋና ወጪዎችን ማሳየት ነው። ያፍራል ሰው፣ ይገባኛል። ግን አቅሙን ደብቆ የተስማማ ሰው ሁለተኛ መጣላቱ አይቀርም። ልጁን የሚያሳድገው ወላጅ የሚሰጠውም ይቆጠር። ሌሊት ትኩሳት ሲይዘው የሚነሳው፣ የቤት ሥራ የሚያሠራው፣ ወላጅ ይምጣ ሲባል ከሥራ የሚቀረው እሱ ነው። የአክስቴ ልጅ 12,000 ብር ሊከፍል፣ እሷ 4,000 ልትሸፍን ተስማሙ። ለእኔ ፍትሐዊ ነው።

ከ12,000ው በላይ ያሳሰበኝ ግን የምንዛሬውና የኑሮው ነገር ነበር። ብር ብቻ ከተጻፈ ዋጋው ሲወርድ ልጁ ይጎዳል። ዶላር ብቻ ከተጻፈ ደግሞ ከፋዩ ሥራ ባጣ ወር ይታነቃል። እኛ ያደረግነው እንዲህ ነው። የትምህርት ቤቱን ክፍያ ለብቻ አወጣነው፤ ስንትም ይሁን ስንት፣ ትምህርት ቤቱ በሚሰጠው ደረሰኝ መሠረት አባትየው ሦስት እጁን፣ እናትየው አንድ እጁን ይከፍላሉ። የቀረው በብር ተጻፈ፤ በየዓመቱ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ደብተሩ ተከፍቶ እንደገና ይደመራል። ነሐሴ የመረጥነው የመመዝገቢያ፣ የመጽሐፍና የዩኒፎርም ወጪ ተደራርቦ የሚመጣው ያኔ ስለሆነ ነው። መስከረም ከገባ በኋላ መነጋገር ዘግይቷል። ድንገተኛ ሕክምና ሲመጣም ማን ስንት እጅ እንደሚከፍል ቀድማችሁ ጻፉ።

በሻንጣ የሚላክ ጫማና ታብሌት ቀለብ አይደለም። ስጦታ ነው፤ ልጁ ይደሰትበታል። ከወሩ ሒሳብ ላይ ግን አይቀነስም።

ገንዘቡን በማን በኩል ትልካላችሁ? እዚህ ላይ ብዙ ቤት ሲፈርስ አይቻለሁ። አባት ለእህቱ ይልካል፣ እህቱ ለልጁ እናት ትሰጣለች። በየወሩ እናትየው ደውላ ትለምናለች፣ ትመላለሳለች፣ "ምን አደረግሽው?" ተብላ ትጠየቃለች። ይሄ ውርደት ነው። ቀጥታ ልጁን ለሚያሳድገው ወላጅ ሂሳብ አስገቡ። ጂዳ ወይም ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ያሉ እናቶች ችግር ደግሞ ሌላ ነው፤ ላባቱ የላኩት ለልጁ አይደርስም። እንደዚያ ከሆነ የትምህርት ቤቱን ክፍያ በቀጥታ ለትምህርት ቤቱ ላኩ። ልጁ ያለው አያቱ ጋ ከሆነ ለአያቱ ሂሳብ ይክፈቱላቸው። ደመወዝ በሚዘገይበት ወር ምን እንደሚደረግም በስምምነቱ ላይ ይግባ።

በሐዋላ ጥቁር ገበያ የላከ ሰው በኋላ ማስረጃ የለውም። ሕገ ወጥ መሆኑም አለ። በባንክ ወይም በሕጋዊ የገንዘብ አስተላላፊ ላኩ፤ ምክንያት የሚለው ላይ "የልጅ ቀለብ" ብላችሁ ከነወሩ ጻፉ፤ ደረሰኙን አስቀምጡ። አንድ ጓደኛዬ 4 ዓመት ልኮ ፍርድ ቤት ሲቀርብ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

ስምምነቱን ሽማግሌ ፊት መፈራረም ጥሩ ነው፣ ግን አይበቃም። ፍርድ ቤት አቅርባችሁ አጸድቁት። በስምምነት የምትፋቱም ከሆነ የልጁ ጉዳይ በፍቺው ስምምነት ውስጥ ተጽፎ ለፍርድ ቤት ይቀርባል። ውጭ ያለው ሰው መምጣት ካልቻለ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ውክልና ይሰጣል። ሰነዱ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፤ ከዚያ የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎት ጋ ይሄዳል። ውክልናው ላይ "ስለ ልጅ ቀለብ ለመከራከርና ለመስማማት" የሚል በግልጽ ይኑር፤ ጠቅላላ የሚል ቃል ብቻ ሰዎችን ሲያመላልስ አይቻለሁ።

ኑሮ ሲለወጥ ከሁለት አንዱ ጠይቆ መጠኑ እንዲሻሻል ማድረግ ይችላል። ስለዚህ ሥራ ያጣ ሰው ዝም ብሎ ማቆም የለበትም። በዚያው ሳምንት ይደውል፣ ማሻሻያ ይጠይቅ። ያለ በቂ ምክንያት ቀለብ መከልከል በ1996ቱ የወንጀል ሕግም ያስቀጣል። እርግጥ የኢትዮጵያ ፍርድ ቤት ውሳኔ በራሱ አሜሪካ ድረስ ሄዶ ደመወዝ አይቆርጥም፤ ለዚያ ከፋዩ ያለበት ሀገር ፍርድ ቤት መሄድ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ቤት ያለው፣ የሚከራይ ንብረት ያለው ሰው ግን በዚያ ላይ ይፈጸምበታል።

አንድ ነገር አጥብቄ ልለምናችሁ። ገንዘቡንና ልጁን ማናገርን አታገናኙ። "ካልላክ አታናግረውም" ማለትም፣ "ካላገናኘሽኝ አልልክም" ማለትም ልጁን መቅጣት ነው። እሁድ ማታ 2 ሰዓት ላይ የሚደወል ስልክ ገንዘብ ቢዘገይም ይደወል፣ ይነሳም።

ቀለቡ መቼ እንደሚያበቃም ጻፉ። በሕጉ አካለ መጠን 18 ዓመት ነው። ግን 18 የሞላው ልጅ ገና 12ኛ ክፍል ላይ ሊሆን ይችላል። የአክስቴ ልጅ ስምምነት ላይ የመጨረሻው መስመር "ትምህርቱን እስኪጨርስ" ይላል። "እስኪጨርስ" ሲባል ዩኒቨርሲቲውን ይጨምራል ወይ ብላ የጠየቀችው እናትየው ናት። እሱ "ይጨምራል" አለ፤ እኔም ያንኑ ጻፍኩት።