ስትራቴጂክ ዕቅድና ቢዝነስ ፕላን ሳይደበላለቁ እንዴት ይሠራሉ?

ብዙ መሥሪያ ቤት መደርደሪያ ላይ አንድ ወፍራም ጥራዝ አለ። ሽፋኑ “ስትራቴጂክ ዕቅድ” ይላል። ውስጡ ግን የማሽን ዋጋ፣ የደሞዝ ዝርዝርና የአምስት ዓመት ትርፍ ተቀላቅሎበታል። ብድር ሲፈለግ ሽፋኑ ብቻ ይቀየርና “ቢዝነስ ፕላን” ሆኖ ባንክ ይሄዳል። የብድር ባለሙያው ራዕይና ተልዕኮውን ገልብጦ ቁጥር ሲፈልግ ያጣል።

ስትራቴጂክ ዕቅድ ድርጅቱ ወዴት እንደሚሄድና የትኛውን መንገድ እንደተወ ይናገራል። ቢዝነስ ፕላን ደግሞ የተመረጠው ሥራ ወጪውን መልሶ ማትረፍ አለማትረፉን በቁጥር ያሳያል። አንድ የወተት ህብረት ሥራ ማህበር አለን እንበልና እንየው።

1. ትልቁን ጥያቄ ፈልጉ

ራዕይ በማሳመር አትጀምሩ። ቢሾፍቱ ሆቴል ገብቶ ጥንካሬ፣ ድክመት፣ መልካም አጋጣሚና ስጋት እያሉ ወረቀት መለጠፍም ብዙ አይጠቅምም። ሁሌም “የባለሙያ እጥረት” ተጽፎ ምሳ ይበላል። ይልቅ በየዓመቱ የሚያስጨንቃችሁ ነገር ምንድን ነው?

ለወተት ማህበሩ መልሱ ጾም ነው። ዓብይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። የገና ጾም፣ ፍልሰታ፣ ረቡዕና ዓርብ አሉ። ላሟ ግን አትጾምም፣ ጠዋት ማታ ትታለባለች።

2. ምረጡ፣ የተዋችሁትንም ጻፉ

ማህበሩ የተረፈውን ወተት ለፋብሪካ በቅናሽ መስጠት ይችላል። ጾም የማይመለከታቸውን ደንበኞች ማሳደድ ይችላል። ወይም ቅቤና አይብ ማምረት ይችላል። “ሦስቱንም ጎን ለጎን እናስኬዳለን” ካላችሁ ገና አልመረጣችሁም። ቅቤና አይብ ካላችሁ “በሚቀጥሉት አምስት ዓመታት የራሳችንን የወተት ሱቅ አንከፍትም” ብላችሁ ጭምር ጻፉ። ስትራቴጂክ ዕቅዳችሁ ይኼው ነው፤ ከአሥር ገጽ አይበልጥም፣ ጠቅላላ ጉባኤው ያጸድቀዋል።

3. ገንዘብ ለሚጠይቀው ሥራ ቢዝነስ ፕላን ሥሩ

እዚህ ላይ ስለ ማሽኑ፣ ስለ ገዢው፣ ስለ ሠራተኛው፣ ስለ ኪራዩና ስለ መብራቱ ትጽፋላችሁ። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ከሌላ ድርጅት የተገለበጠ ቅጽ የሚሸጡ አማካሪዎችን ግን ተጠንቀቁ፤ የወተት ዕቅድ ውስጥ የዶሮ እርባታ አንቀጽ ተረስቶ ይገኛል።

4. ሂሳቡን በየወሩ አውጡ

ዕቅድ የሚወድቀው እዚህ ነው። በዓመታዊ ድምር ሁሉም ያተርፋል። ወር በወር ስትዘረዝሩት ግን ሌላ ነገር ይመጣል።

ማህበሩ በጾሙ በቀን 400 ሊትር ይተርፈዋል እንበል። በ55 ቀን 22,000 ሊትር ይሆናል። አንድ ኪሎ ቅቤ 20 ሊትር ገደማ ወተት ይፈልጋል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፤ ስለዚህ ቢበዛ 1,100 ኪሎ ታገኛላችሁ። ቅቤው የሚሸጠው ለፋሲካ ነው። ገበሬው ግን በየ15 ቀኑ ክፍያውን ይጠብቃል። ሊትሩን በ60 ብር ከተረከባችሁ 1,320,000 ብር ከኪሳችሁ ወጥቶ ቅቤ ሆኖ ተቀምጧል ማለት ነው። በዓመቱ መጨረሻ ብታተርፉም መጋቢት ላይ ካዝናው ባዶ ነው። ክፍያው ሁለቴ የዘገየበት ገበሬ ወተቱን ለነጋዴ ይወስዳል። ከፋሲካ በኋላ እንዲመለስ ማባበሉ ቀላል አይደለም።

ስለዚህ ለማሽኑ ብቻ አትበደሩ፣ የጾሙን ወራት የሚያሻግር የሥራ ማስኬጃም ጠይቁ። አሬራውን ደግሞ አትርሱት። ቅቤ ይቆያል፣ አይብ ግን እንደ ቅቤ አይቆይም። በጾም ማን ይበላዋል? ለዚህ መልስ ከሌላችሁ የአይብን ገቢ ከሰንጠረዡ አውጡት።

ያለፈውን ዓመት ሰንጠረዥ ኮፒ ማድረግም አያዋጣም። በ2018 ዓ.ም. ዓብይ ጾም የካቲት 9 ገብቶ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ይውላል። በ2019 ዓ.ም. ጾሙ የሚገባው የካቲት 29፣ ፋሲካ የሚውለው ሚያዝያ 24 ነው። ልዩነቱ 20 ቀን ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ የጠበቃችሁት ብር ወሩ ሊያልቅ ሲል ይመጣል፣ የባንኩ ወለድ ግን ቀኑን አይስትም።

ለዚህ ሥራ ኤክሴል ይበቃል፣ ውድ ሶፍትዌር አትግዙ። ኤክሴል አንድ ክፉ ፈተና አለው፦ የቅቤውን ዋጋ ትንሽ ከፍ ስታደርጉት ኪሳራውን የሚያሳየው ቀዩ ቁጥር ይጠፋል። አታድርጉት። ዛሬ ገበያ ወጥታችሁ በጠየቃችሁት ዋጋ ካላዋጣ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ተመልሳችሁ ምርጫችሁን ፈትሹ። ሁለቱን ሰነድ ለይቶ የመሥራት ጥቅም ይኼው ነው፤ ቁጥሩ ስትራቴጂውን ይፈትነዋል።

5. ለየብቻቸው ከልሱ

ቢዝነስ ፕላኑን በየሩብ ዓመቱ እዩት። ፉርሽካ ሲወደድ ወይም የቅቤ ዋጋ ሲወርድ ሰንጠረዡን አስተካክሉ። ስትራቴጂውን በዓመት አንዴ፣ የሐምሌው በጀት ሳይያዝ ግንቦት ላይ አንሡት። ፉርሽካ ተወደደ ብሎ ስትራቴጂ የሚቀይር ቦርድ ሥራ አያሠራም። አንድ ፋብሪካ አጠገባችሁ ተከፍቶ “በጾምም ወተት በሙሉ ዋጋ እረከባለሁ” ብሎ ውል ሊፈርም ከመጣ ግን ግንቦትን አትጠብቁ። ያን ቀን ቦርዱን ጥሩ፤ የማሽኑን ቅድመ ክፍያም ያዝ አድርጉት።